የጋራ ነገር ጠባቂው ማን ነው?

ሰው ለግል ንብረቱ የሚያደርገው ጥንቃቄና ለጋራ ንብረት የሚያደርገው ጥንቃቄ እኩል አለመሆኑን ማንም ያውቀዋል። በሬው የጠፋበት ሰው ሌሊቱን ሁሉ ፋኖስ ይዞ ሲፈልግ ያድራል፤ የመንደሩ ምንጭ ሲደርቅ ግን «የሚመለከተው ክፍል ያስብበት» ብሎ ይተኛል። ጎረቤቱ አጥሩን አንድ ክንድ ቢገፋበት እስከ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚከራከር ሰው፣ የሕዝብ መንገድ ሲጠብ በየቀኑ እያየ ዝም ብሎ ያልፋል። ይህንን ስናይ የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም የሚሉ ሰዎች እውነት የተናገሩ ይመስለናል። ነገር ግን አባባሉ እውነት ነውን? የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ መጥፋቱ የግድ ነውን? ወይስ የሚጠፋው ጠባቂ በማጣቱ ነው? ጠባቂ ያስፈልገዋል ከተባለስ ጠባቂው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ወጣት አንባቢዎች ሆይ፣ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የእናንተን ዕድሜ የሚመለከት ስለ ሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

እኔ የተወለድሁትና ያደግሁት በቸሃ ምድር፣ ከአታት ብዙ በማይርቅ አንድ መንደር ነው። አታት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከወልቂጤ ተነሥቶ ጉብርዬን አልፎ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ወደዚህ አገር የመጣውን እንግዳ መጀመሪያ የሚያስደንቀው ጀፎረ ነው። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ያዞራሉ፤ የእንሰቱ ተክል ደግሞ ከቤቶቹ በስተ ኋላ ይቆማል። ጀፎረ መንገድ ብቻ አይደለም። ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ሠርግ የሚያልፍበት፣ የመስቀል በዓል የሚከበርበት፣ ሽማግሌዎች ጠብ የሚያበርዱበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ላሞችና ጥጆች የሚግጡበት ስፍራ ነው። ማንም ሰው ሊያርሰው፣ ሊያጥረው ወይም ሊሸጠው አይገባም፤ ድኻም ሆነ ሀብታም ግን እኩል ይቀመጥበታል።

ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ መሬት ሳያርሱ መተው ብክነት ሊመስለው ይችላል። «ለምን ጤፍ አይዘራበትም?» ብሎ የጠየቀኝ እንግዳም አለ። መልሱን የተማርሁት ፊደል ካልቈጠረችው ከእናቴ ነው። እናቴ ሒሳቡን እንዲህ ትሠራው ነበር። ሣር ከሌለ ላም የለችም፤ ላም ከሌለች ፍግ የለም፤ ፍግ ከሌለ እንሰት አይፋፋም፤ እንሰት ካልፋፋ ቆጮ የለም፤ ቆጮ ከሌለም ልጅ አያድግም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ እንደ አየሩና እንደ መሬቱ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያህል ይፈጃል። በዚህ ዘመን ሁሉ ከበረት የሚወጣውን ፍግ እየጠጣ ያድጋል፤ ከደረሰም በኋላ ድርቅን ስለሚችል በጠባብ መሬት ብዙ ቤተ ሰብ ይመግባል። ስለዚህ በደጅ ያለው ሣርና በጓሮ ያለው ተክል ሁለት ነገር መስለው ቢታዩም በእውነቱ አንድ ናቸው። ጀፎረውን የሚቈርስ ሰው ሳያውቀው የሚቈርሰው የመንደሩን ሁሉ ጓሮ ነው።

የሰባት ቤት ጉራጌ አባቶች ይህን ሥርዓት ያቆዩት በቂጫ ነው። ቂጫ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የተላለፈ የባህል ሕግ ሲሆን፣ ትልቁ ሸንጎ ዮጆካ ይባላል። ጀፎረን የገፋ ሰው በመጀመሪያ በሽማግሌ ይመከራል፤ ምክሩን ባይሰማ ካሳ ይፈረድበታል፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ከጎረቤቶቹ ኅብረት እንዳይለይ ይፈራል። በለቅሶው ቀን የሚደርስለት ሰው ካጣ ሀብቱ ምን ያደርግለታል?

እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ስለዚህ ነገር አንድ የታወቀ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። በእርሱ አስተሳሰብ ለሁሉም ክፍት በሆነ የግጦሽ መሬት ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ላም ይጨምራል፤ ትርፉ የብቻው ነው፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ይከፋፈላል፤ በዚህም ምክንያት መስኩ መጨረሻው ጥፋት ነው። ብዙ ሰዎችም ይህንን ተቀብለው የጋራ ነገር ወይ ለመንግሥት ወይ ለግለ ሰብ መሰጠት አለበት አሉ። ይሁን እንጂ ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ሌላ አሜሪካዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩ እንደዚያ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳች። በስዊዘርላንድ ተራሮች ያሉ የግጦሽ ሜዳዎች፣ በጃፓን መንደሮች ያሉ ደኖች፣ በስፔን ያሉ የመስኖ ቦዮች ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ ተይዘው ሳይጠፉ መኖራቸውን አሳየች። ሳይጠፉ የኖሩበትም ምክንያት ተጠቃሚዎቹ ደንቡን ራሳቸው ስላወጡ፣ እርስ በርሳቸው ስለሚጠባበቁ፣ ቅጣቱ ከትንሽ ጀምሮ እያደገ ስለሚሄድና ጠብ ሲነሣ በቅርብና በትንሽ ወጪ የሚዳኙበት ስፍራ ስላላቸው ነው። ስለዚህም ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት፤ በዚህ ሙያ ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያይቱ ሴትም ሆነች። የእርስዋን ትምህርት ከጀፎረው ሥርዓት ጋር ያስተያየ ሰው አባቶቻችን ትምህርት ቤት ሳይገቡ የደረሱበትን ጥበብ ያከብራል።

ነገር ግን አባቶች ያወጡት ሥርዓት አለ ብሎ መመካት ብቻ አይበቃም። ሥርዓት የሚኖረው የሚሠራበት ሰው ሲገኝ ነው። ይህንን የተረዳሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንደራችን ምንጭ እየደከመ በሄደ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቶቼ ሰብሰብ ብለው የውሃ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ መጻፍ እችላለሁና ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ያየሁትንም እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

ምንጩ የሚፈልቀው ከአንድ ጎረቤታችን ይዞታ ግርጌ ነው። ጎረቤታችን ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ባሕር ዛፍ ተክሏል። መሬቱ የራሱ ነው፤ የይዞታ ደብተሩም በእጁ ነው። ባሕር ዛፍን ሁሉ በጅምላ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት እንደ ሆነ አስቀድሜ ልናገር። ይህ ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ብዙ ጠቅሟል፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ የቀሩን ጥቂት የአገር ዛፎች ሁሉ በምድጃ ባለቁ ነበር። በጉራጌም ምድር በአጠና ዋጋ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛለት ልጅ ብዙ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚያድግ ስለ ሆነ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ቢቈርጡትም ከጉቶው ያቈጠቍጣል። ስለዚህ ምንጭ ራስ ላይ ሊተከል አይገባውም።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መጮህ ሳይሆን መቍጠር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በየሳምንቱ ሰዓት ይዤ በደብተር ጻፍሁ። በጥቅምት 4 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው በመጋቢት 19 ደቂቃ ፈጀ። በወረፋው 30 ሴቶችና ልጃገረዶች ቢኖሩ የመጨረሻይቱ ስንት ሰዓት እንደምትቆም አንባቢው ራሱ ያስላው። እናቶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየተነሡ ይወርዱ ጀመር፤ ልጃገረዶችም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤት ይደርሱ ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ እያፈሩ ጭራሽ ቀሩ። እንግዲህ የውሃው ነገር የዛፍና የአፈር ነገር ብቻ እንዳልሆነ ተመልከቱ። ምንጩ ሲደክም ወንዶች ልጆች ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ፤ የደከሙት እኅቶቻቸው ናቸው።

ጎረምሶቹ ነገሩን በመጥረቢያ ሊጨርሱት አሰቡ። በሌሊት ሄደው ዛፉን ሊቈርጡ ሲመክሩ አንድ ሽማግሌ ሰምተው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ብታደርጉ ውሃው ሳይመለስ ደም ይፈሳል። ሰውየውን በፊቱ ተናገሩት፤ አፍ ያለው ሰው ነው» ብለው ከለከሉአቸው። ስለዚህ በጀፎረው ላይ ጉባኤ ተጠራ። ጎረቤታችንም መጥቶ ደብተሬን ካነበብሁ በኋላ እንዲህ ሲል መለሰ፤ «ወንድሞቼ፣ ውሃው የእኔም ልጆች ውሃ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ዛፉ ገና ቀጭን ነው፤ ዛሬ ብቈርጠው ዋጋ አያወጣም። ሁለቱ ልጆቼ ወልቂጤ ቤት ተከራይተው የሚማሩት በዚህ ዛፍ ተስፋ ነው። እናንተ ውሃ ስታገኙ እኔ ምን አገኛለሁ?»

ይህ የክፉ ሰው ጥያቄ አልነበረም። አንድን ሰው ለሁሉም ጥቅም ሲባል ብቻውን ክሰር ማለት ሁሉንም የሚጠቅም ቢሆንም እንኳ ፍትሕ አይደለም። ጉባኤውም ይህንን ስለ ተረዳ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ሳይቈርጥ ተነሣ።

በሦስተኛው ጉባኤ ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። እንደ ልማዱ ወንዶቹ በመካከል ተቀምጠው ሲነጋገሩ፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ከዳር ቆመው ይሰሙ ነበር። ከእነርሱ አንዲት ባልዋ የሞተባት እናት ወደ ፊት ራመድ አለችና፣ «አባቶቼ፣ ፈቃዳችሁ ቢሆን አንድ ቃል ልናገር» አለች። በተፈቀደላትም ጊዜ እንዲህ አለች፤ «ስለዚህ ሰው ዛፍ ሦስት ጊዜ ተቀመጣችሁ፤ መልካም አደረጋችሁ። ነገር ግን ከላይ በኩል ጀፎረውን አጥሮ የያዘ ሰው አለ። ስለ እርሱ አጥር ስንት ጊዜ ተቀመጣችሁ? የእኔ ላም አንዲት ናት፤ ትግጥ የነበረውም እዚያ ነው። ዛሬ ሣር ገዝቼ አበላታለሁ። የድኻ ዛፍ ሲሆን የጋራ ነገር ተነካ ይባላል፤ የሀብታም አጥር ሲሆን ግን ማንም አላየም።»

ጉባኤው ጸጥ አለ። አጥር የገፋው ሰው ለብዙዎቹ ዘመድ፣ ለአንዳንዶቹም አበዳሪ ነበርና። አጥሩም በአንድ ቀን የተተከለ አይደለም፤ በየዓመቱ በሚታደስበት ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄድ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ከተቀመጡት አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይህንን ቃለ ጉባኤ ውስጥ አታግባው፤ የተሰበሰብነው ለውሃ ነው» አለኝ። ቀድሞ ጎረምሶቹን የከለከሉት ሽማግሌ ግን፣ «ጻፈው። አንዱን ጽፈን ሌላውን ከተውን ሁለቱም አይጸናም» አሉ። እኔም ዛፉንና አጥሩን በአንድ ገጽ ላይ ጻፍኋቸው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ስምምነት ይህ ነው። ለምንጩ ቅርብ የሆኑት ሦስት መደዳ ዛፎች ተቈርጠው ጉቶአቸው እንዲነቀል፣ የቀሩት ግን አጠናቸው እስኪደርስ እንዲቆዩ ተወሰነ። የተቈረጠውን ጎረምሶች እስከ መኪና መንገድ በነጻ ተሸክመው አወጡ፤ ኮሚቴውም ደላላ ሳይገባበት ገዢ ፈለገ። እያንዳንዱ ቤት ለሰውየው የእንሰት ችግኝ አዋጣ፤ ሦስት ሦስት ቀንም በጉልበት አገዘው። ከውሃ መዋጮውም በየዓመቱ ጥቂት ገንዘብ እንዲከፈለው ተደረገ፤ የምንጩን ራስ ሣር አልብሶ የሚጠብቀው እርሱ ነውና። በዛፎቹ ፋንታ ወይራና ዋንዛ ተተከለ፤ ከብት እንዳይገባበትም ታጠረ። በኮሚቴውም ውስጥ ሦስት ሴቶች እንዲገቡ ተወሰነ፤ ከእነርሱም አንዷ ያችው የተናገረችው እናት ነበረች።

ወደ ሀብታሙ ሰው ቤት ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ቡና አጠጥቶ በዝምታ ሸኛቸው። በሁለተኛው ቀን ተቈጣ። በሦስተኛው ቀን ግን አጥሩን ከያዘው ግማሹን መለሰ። የቀረው ግማሽ እስከ ዛሬ በክርክር ላይ ነው። ምንጩም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ በመጋቢት በ9 ደቂቃ አንድ ጀሪካን ይሞላል። ይህንን ሳልደብቅ የምነግራችሁ፣ እንዲህ ያለው ሥራ በአንድ ስብሰባ ተጀምሮ በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

አንዳንድ ሰው ሴት በሸንጎ መናገርዋ ከከተማ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለዋል። በጉራጌ ትውፊት ግን በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረችው የቃቄ ውርድወት ስምዋ የታወቀ ነው። ይህች የሙህር ሴት በባልና በሚስት መካከል ሴቲቱ ያልወደደችውን ጋብቻ ትታ ለመሄድ መብት እንድታገኝ፣ በላይዋም ሌላ ሚስት እንዳይመጣባት ሴቶችን አስተባብራ ጥያቄዋን እስከ ዮጆካ ሸንጎ አድርሳለች። ታሪክዋም በዘመናችን ተውኔት ሆኖ በአዲስ አበባ በመድረክ ታይቷል። እንግዲህ የመንደራችን እናት ያደረገችው ነገር ቀድሞ የተቀደደ መንገድ ነበረው።

ድኻ አገር ትልቅ ነገር ለመሥራት አይችልም የሚልም ሰው አለ። ይህንን ለሚል ሰው አታትን ራስዋን አሳየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች የተቋቋመው የአታት ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነፍሰ ጡሮች የሚቆዩበት ቤት አበጀ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መንገድ በሌለበት መንደር ምጥ የጠናባት እናት በሰው ትከሻ ተሸክመዋት እስኪደርሱ ድረስ ሰዓቱ ያልፋል። ስለዚህ አስጊ ምልክት የታየባት ሴት የመውለጃዋ ቀን ሳይደርስ መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ትቆያለች፤ ስንቅዋንም ከቤትዋ ታመጣለች። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት እናቶች መካከል በ100,000 ሕያው ልደት 90 ያህል ሲሞቱ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333 ሞተዋል። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከባሰ በኋላ የደረሱ ስለ ሆኑ ልዩነቱ ሁሉ በቤቱ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ያ ተራ ቤት የስንት ልጆችን እናት እንዳተረፈ መገመት አያስቸግርም። ለዚህ ያስፈለገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን፣ እናቲቱ ለምን እንደምትሞት በጥንቃቄ መጠየቅና ጎረቤቶችዋ ቀደም ብለው እንዲያመጧት ማስረዳት ነው።

እንደዚሁም በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ከነጋዴው እስከ ሊስትሮው ገንዘብ እያዋጡ ወደ ትውልድ አገራቸው የሚወስድ መንገድ ለማሠራት ድርጅት አቋቁመው ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፣ ለአንዱ የማይቻለው ነገር ለሁሉም ቀለለ። ዛሬ በመኪና የምናልፍባቸው አያሌ መንገዶች የተጠረጉት በእነዚያ ሰዎች መዋጮ ነው።

ከአገራችን ውጭም ምሳሌ አይጠፋም። በጎረቤታችን በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 የገጠር ሴቶችን አስተባብራ ዛፍ ማስተከል ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ናይሮቢ መካከል በሚገኘው የሕዝብ መናፈሻ በኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ ተቃወመች። ባለ ሥልጣኖች ሰደቧት፤ አፌዙባት። በመጨረሻ ግን አሳቡ ተተወ፤ መናፈሻውም ለሕዝቡ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት። ኡሁሩ ፓርክ ለናይሮቢ ሰው ጀፎረው አይደለምን?

ይህን ሁሉ ስናገር የሚያሳዝነውን ነገር መዝለል አይገባኝም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ከተማ ውሃ ለረጅም ጊዜ የጠፋባቸው ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው ወጥተው አቤት ባሉ ጊዜ የጸጥታ ኃይሎች ተኩሰውባቸው፣ ቢያንስ ሦስት ሰዎች መሞታቸውንና ሌሎችም መቍሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ባዶ ጀሪካን የጦር መሣሪያ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም ተሰብስቦ አቤቱታውን ሊያሰማ እንደሚችል፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ አካባቢውን በሚመለከት ሥራ ላይ አሳቡን ሊገልጥ እንደሚገባው ደንግጓል። የመንደራችን ጉባኤ ምንም ደም ሳይፈስ የተስማማው ሰዎቹ ከወልቂጤ ሰዎች የተሻሉ ስለ ነበሩ አይደለም፤ የሚሰማ ጆሮ በቅርብ ስላገኙ ነው። የተጠማን ሰው የሚሰማው ሲያጣ ምን እንደሚሆን ሹማምንት ሁሉ ሊያስቡበት ይገባል።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች ምን ማድረግ ትችላላችሁ? በእኔ ግምት አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከመናገራችሁ በፊት ቍጠሩ። ምንጩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ መንገዱ ስንት እርምጃ እንደ ጠበበ፣ ስንት ልጃገረድ ከትምህርት እንደ ቀረች በጽሑፍ ያዙ። በእኛ ጉባኤ ላይ ከጩኸት ሁሉ የበለጠ የተሰማው የደብተሩ ቍጥር ነው። ማንበብና መጻፍ የተማራችሁትም ደብዳቤ ለመጻጻፍ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የምትከራከሩትን ሰው ድምፅ ስሙ። ጎረቤታችን «እኔ ምን አገኛለሁ?» ባለ ጊዜ ስግብግብ ብለን ብናልፈው ኖሮ ዛሬ ውሃም ጎረቤትም አይኖረንም ነበር።

ሦስተኛ፣ በድኻው ላይ የምትፈርዱትን ፍርድ በሀብታሙም ላይ ፍረዱ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። አበዳሪያችሁን፣ ዘመዳችሁን፣ ነገ ሥራ ይሰጠኛል ብላችሁ ተስፋ ያደረጋችሁበትን ሰው «አጥርህን መልስ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ቢሆንም ይህንን ማለት ያልቻለ ኅብረት ደካማውን የሚያጠቃ ማኅበር ሆኖ ይቀራል።

አራተኛ፣ ከዳር ቆመው የሚሰሙትን ወደ መካከል አምጡአቸው። ውሃ የምትቀዳዋ ሳትጠየቅ ስለ ውሃ መወሰን፣ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ያለ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል አንዱ፣ «እኔ ነገ ተምሬ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር እሄዳለሁ፤ ስለ ጀፎረና ስለ ምንጭ ምን ያስጨንቀኛል?» ይል ይሆናል። የትም ብትሄድ፣ ወንድሜ፣ የትም ብትሄጂ፣ እኅቴ፣ የጋራ ነገር የሌለበት ስፍራ አታገኙም። በከተማ የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ደረጃው የጋራ ነው፤ በሰፈር የቆሻሻ መጣያው የጋራ ነው፤ ወንዙም አየሩም የጋራ ነው። በየስፍራው አጥሩን በዓመት አንድ እርምጃ የሚገፋ ሰው አይታጣም፤ አይቶ ዝም የሚልም አይታጣም። የጋራ ነገር የሚጠፋውም በሁለቱ ሰዎች ትብብር ነው እንጂ በአንዱ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ያነሣሁትን ጥያቄ ልመልስ። የጋራ ነገር ጠባቂው መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎችም ብቻ አይደሉም። መንግሥትም ሽማግሌም የሚነሡት የሚያስነሣቸው ሰው ሲኖር ነው። ጠባቂው ከምንጩ የሚጠጣ፣ በጀፎረው የሚቀመጥ፣ በመንገዱ የሚሄድ ሰው ሁሉ ነው። ስለዚህ በአሁኑ ሳምንት፣ ሩቅ ሳትሄዱ፣ በመንደራችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካለው የጋራ ነገር አንዱን መርጣችሁ ሄዳችሁ እዩት። ጎድሎ ብታገኙት ስንት እንደ ጎደለ ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ለሁለት ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።